እርቃንና ልብስ፦ ከጃሂሊያው ጠዋፍ እስከ ጎጃም ሸማኔ

(በሬዲዮ ፕሮግራማችን ከቀረበ ንግግር የተወሰደ)

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም። ምስጋና ሁሉ ለዓለማት ጌታ ለአላህ (ሱ.ወ) ይሁን። ሰላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ)፣ በቤተሰቦቻቸው፣ በባልደረቦቻቸውና እስከ ዕለተ ቂያማ ፈለጋቸውን በሚከተሉ ሁሉ ላይ ይሁን።

የተከበራችሁ አድማጮቻችን! በዛሬው ዝግጅታችን ይዘን የቀረብነው ርዕስ ለአንዳንዶቻችሁ እንግዳ፣ ለአንዳንዶቻችሁም የሚያሳፍር ሊመስል ይችላል። በአውሮፓ ወንዱም ሴቱም ልብሱን አውልቆ በአንድነት ፀሐይ የሚሞቅባቸው፣ የሚዋኝባቸውና የሚዝናናባቸው ማኅበራት ከተመሠረቱ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኗቸዋል። ወጣቶቻችን ዛሬ ይህን በእጅ ስልካቸው ያያሉ፣ ይሰማሉ። አንዳንዶቹም «ሰው የተፈጠረው ራቁቱን አይደለም ወይ? ታዲያ ልብስ ማውለቅ ወደ ተፈጥሮ መመለስ ቢባል ምን ነውር አለው?» ብለው ይጠይቃሉ። ጥያቄው ቁጣ ሳይሆን መልስ ይገባዋል። በመሆኑም የእርቃንንና የልብስን ታሪክ ከመነሻው ጀምረን፣ በዓረብ ምድር አልፈን፣ በአውሮፓ ዞረን፣ በመጨረሻም ወደ ራሳችን ቀዬ፣ ወደ ቢቸናና ሞጣ ተመልሰን እንቃኘዋለን። ኢንሻአላህ።

የመጀመሪያው ልብስ

«አደም (ዐ.ሰ) በጀነት ራቁቱን ነበር፤ ልብስ የመጣው ከኃጢአት በኋላ ነው» የሚል አስተሳሰብ በብዙ ሰው ዘንድ የተለመደ ነው። ቁርኣን የሚነግረን ግን ሌላ ነው። በሱረቱ ጧሃ አላህ (ሱ.ወ) ለአደም በጀነት ውስጥ እንደማይራብና እንደማይታረዝ ቃል እንደገባለት እናገኛለን። በሱረቱል አዕራፍ ደግሞ ሸይጧን የአደምንና የሐዋን ልብስ እንዳስወለቃቸው፣ እነሱም ባፈሩ ጊዜ የጀነትን ቅጠል በላያቸው ላይ መለጣጠፍ እንደጀመሩ ተነግሯል። ነገሩን ልብ እንበል። እንደ ቁርኣን አገላለጽ ልብስ የቀደመ ስጦታ ነው። እርቃን ደግሞ በሸይጧን ተንኮል የመጣ ማጣት ነው። ለማፈር ያስተማራቸው ሰው አልነበረም፤ የሚያያቸው ጎረቤትም አልነበረም። ሐያእ (ዓይነ አፋርነት) በሰው ልጅ ተፈጥሮ ውስጥ የተተከለ መሆኑን ከዚህ እንረዳለን።

በዚያው ሱራ 26ኛው አንቀጽ ላይ አላህ ለአደም ልጆች ሁለት ዓይነት ልብስ እንዳወረደ ይነግረናል። አንደኛው ገላን የሚሸፍንና የሚያስጌጥ ሲሆን፣ ሁለተኛውና የተሻለው የተቅዋ ልብስ ነው። ያለ ተቅዋ የለበሰ ሰው ገላው ቢሸፈንም ገመናው አልተከተተም ማለት ነው። እዚህ ላይ የአማርኛችንን ውበት እናስተውል። ዐረብኛው «ዐውራ» የሚለውን አማርኛው «ገመና» ይለዋል። ገመና የገላም ነው፣ የኑሮም ነው፣ የቤትም ነው። ሽማግሌዎቻችን «አላህ ገመናህን ይክተትልህ» ብለው ሲመርቁ የሚለምኑልን ይህን ሁሉ ነው።

ካዕባን ራቁታቸውን የዞሩ ሰዎች

አድማጮቻችን! እርቃንን የአምልኮ ሥርዓት ያደረጉ ሰዎች በታሪክ ነበሩ ብንላችሁ ትገረሙ ይሆናል። ለዚያውም በካዕባ ዙሪያ!

ከኢስላም በፊት በጃሂሊያው ዘመን ቁረይሾችና አጋሮቻቸው «ሑምስ» የሚል ስም ለራሳቸው ሰጥተው ነበር። «እኛ የሐረም ባለቤቶች ነን፤ ከሌላው ዐረብ እንበልጣለን» ይሉ ነበር። ከውጭ ለሐጅ የሚመጣው ሰው ለብሶት በመጣው ልብስ እንዳይዞር ከለከሉት። ምክንያታቸው «ኃጢአት በሠራንበት ልብስ ጌታችንን አንዞርም» የሚል ነበር። ታዲያ እንግዳው ምን ያድርግ? ከሑምስ ወገን ዘመድ ወይም ወዳጅ ያለው ልብስ ይዋሳል ወይም ይሰጠዋል፤ ወንድ ለወንድ፣ ሴት ለሴት ትሰጣለች። ሰጪ ያጣ ግን ልብሱን አውልቆ ራቁቱን ይዞራል። ይህን ዑርዋ ኢብኑ ዙበይር አውስተውታል፤ በሰሒሕ አል-ቡኻሪም ተዘግቧል።

ይህን ታሪክ በጥሞና ካየነው አንድ ትልቅ ነገር ይገለጥልናል። ራቁቱን የሚዞረው ማን ነበር? ቁረይሻዊው አይደለም። ባለጸጋውም አይደለም። መካ ውስጥ የሚያውቀው የሌለው፣ ከሩቅ የመጣው፣ ወገን ያጣው ሰው ነው። ስሙ «ንጽሕና» ተባለ እንጂ ፍሬ ነገሩ ሰውን በዘሩና በዝምድናው ማበላለጥ ነበር። እርቃን እኩል ያደርጋል የሚሉ ሰዎች ይህን ታሪክ ቢያውቁት መልካም ነበር። በመካ እርቃን የተከበረውንና የተናቀውን መለያ ምልክት ሆኖ ነበርና።

ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ያደጉት በዚህ ልማድ መካከል ነው። አላህ ግን ከልጅነታቸው ጀምሮ ጠበቃቸው። ቁረይሾች ካዕባን እንደገና ሲሠሩ እሳቸውም ድንጋይ ይሸከሙ ነበር። አጎታቸው ዐባስ «ሽርጥህን ፈትተህ ትከሻህ ላይ ብታደርገው ከድንጋዩ ይከላከልልህ ነበር» ብለው በአዘኔታ መከሯቸው። እሳቸውም እንደተባሉት ሲያደርጉ ራሳቸውን ስተው ወደቁ። ከዚያች ቀን በኋላ ራቁታቸውን ታይተው አያውቁም።

የ9ኛው ዓመተ ሂጅራ ዐዋጅ

መካ በ8ኛው ዓመተ ሂጅራ ተከፈተች። በተከታዩ ዓመት፣ ማለትም እ.ኤ.አ. በ631፣ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) አቡበክር ሲዲቅን (ረ.ዐ) የሐጅ መሪ አድርገው ላኩ። ቀጥለውም የሱረቱ ተውባን መጀመሪያ አንቀጾች ለሕዝብ እንዲያሰሙ ዐሊይ ኢብኑ አቢ ጧሊብን (ረ.ዐ) አስከተሉ። በሚና ሜዳ በእርድ ቀን ዐዋጁ ተነገረ። አቡ ሁረይራም (ረ.ዐ) ከዐዋጅ ነጋሪዎቹ አንዱ ነበሩ። ከዚያ ዓመት ወዲያ ሙሽሪክ ሐጅ እንዳያደርግ፣ ማንም ሰው ካዕባን ራቁቱን እንዳይዞር ታወጀ። በሚቀጥለው ዓመት ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ራሳቸው ለስንብቱ ሐጅ ሲመጡ በሐረም ውስጥ አንድም የተራቆተ ሰው አልነበረም።

ኢስላም ልብሱን አውልቆ የነበረውን ምእመን ምን አለበሰው? ሁለት ያልተሰፉ ጨርቆች። አንዱ እንደ ሽርጥ የሚታጠቁት፣ ሌላው እንደ ኩታ ትከሻ ላይ የሚጣል። የወንዶች ኢሕራም ይህ ነው። ንጉሡም ሎሌውም፣ ነጋዴውም ሸማኔውም ያንኑ ይለብሳል። ጃሂሊያ «ኃጢአት የተሠራበትን ልብስ አውልቅ» አለች፤ ኢስላም «የምትኩራራበትን ልብስ አውልቅና እንደ ወንድምህ ልበስ» አለ። እኩልነት የተገኘው የለበሰውን በማራቆት ሳይሆን ሁሉንም አንድ ዓይነት በማልበስ ነው።

የአውሮፓው የእርቃን ማኅበር

አሁን ወደ ዘመናዊው ታሪክ እንሻገር። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ የአውሮፓ ከተሞች በፋብሪካ ጢስ ታፍነው ነበር። ሠራተኛው ፀሐይ በማይገባበት ጠባብ ቤት ተጨናንቆ ይኖራል። የሳንባ ነቀርሳ ብዙ ሰው ይጨርሳል፤ መድኃኒቱ ገና አልተገኘም። ሕፃናት አጥንታቸው ለስልሶ እግራቸው ይጎብጣል። ሐኪሞችም ፊታቸውን ወደ ፀሐይ ብርሃን አዞሩ። እ.ኤ.አ. በ1903 ዴንማርካዊው ኒልስ ፊንሰን በብርሃን ሕክምና የኖቤል ሽልማት አገኘ። በዚያው ዓመት ኦጉስት ሮልዬ የተባለ ሐኪም በስዊዘርላንድ ተራራ ላይ የነቀርሳ ሕሙማንን በፀሐይ የሚያክምበት ተቋም ከፈተ። በሰሜን ጀርመንም ሰዎች በእርቃን የሚዝናኑበት መናፈሻ የተከፈተው በዚያው በ1903 ነው።

ከዚያ በኋላ እንቅስቃሴው ተስፋፋ። በ1920ዎቹ በበርሊን አዶልፍ ኮክ የተባለ መምህር ለሠራተኛው ክፍል በእርቃን የሚሰጥ የአካል ማሠልጠኛ አቋቋመ። በ1933 ሥልጣን የያዙት ናዚዎች ማኅበራቱን አገዱ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ግን እንደገና አንሠራሩ። በ1950 በፈረንሳይ ሞንታሊቬ በሚባል የባሕር ዳርቻ ትልቅ ሰፈር ተቋቋመ፤ በ1953 ደግሞ እዚያው ዓለም አቀፍ ፌዴሬሽናቸው ተመሠረተ።

ፍትሐዊ እንሁንና፣ እነዚህ ሰዎች የሚያቀርቡት ምክንያት ሁሉ ባዶ አይደለም። ፀሐይና ንጹሕ አየር ጤና ነው ይላሉ። ልብስ ሀብታምንና ድሃን ይለያል ይላሉ። ሰው በገላው እንዳያፍርና ራሱን እንዳይጠላ ያደርጋል ይላሉ። ደግሞም ሥርዓት አላቸው። የሌላውን ገላ አፍጥጦ ማየት ነውር ነው፤ ያለ ፈቃድ ፎቶግራፍ ማንሣት ክልክል ነው፤ በጋራ ወንበር ላይ ፎጣ ሳያነጥፉ መቀመጥ አይፈቀድም። እዚህ ላይ ቆም ብለን እናስብ። ልብሱን የጣለ ሰው ሥርዓትን መጣል አልቻለም። «አትመልከት፣ አታንሣ፣ ጨርቅ አንጥፍ» ማለት ምን ማለት ነው? የሰው ገላ ክብርና ወሰን ያለው መሆኑን ማመን ነው። ሐያእ በበሩ ቢያባርሩት በመስኮት ተመልሶ ይገባል።

የፀሐይ ጥቅምስ?

ስለ ጤናው እውነቱን መናገር ይገባል። ገላ ፀሐይ ሲያገኝ ቫይታሚን ዲ ይሠራል፤ ያለ እሱ አጥንት አይጠናም። ይህ በአገራችንም ትልቅ ጉዳይ ነው። በ1997 እ.ኤ.አ. ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት የታተመ በአዲስ አበባ የተካሄደ ጥናት፣ በሳንባ ምች በታመሙ ሕፃናት ላይ የአጥንት መለስለስ በሽታ (ሪኬትስ) ካልታመሙት ሕፃናት ይልቅ በ13 እጥፍ ያህል እንደሚያይል አሳይቷል። አስራ ሦስት ወር ፀሐይ ባለበት አገር! ምክንያቱ የፀሐይ ማነስ ሳይሆን ሕፃኑን ጠቅልሎ ቤት ውስጥ ማቆየት ነው። ቡዳ ይበላዋል፣ ምች ይመታዋል በሚል ፍርሃት ልጁ ብርሃን ሳያይ ወራት ያልፋሉ።

እናቶች ሆይ! ሕፃኑን ጠዋት በግቢያችሁ አውጥታችሁ ፀሐይ አሙቁት። ሸሪዓችን ይህን አይከለክልም፤ ትንሽ ሕፃን ዐውራ አለው ተብሎ የሚጠቀለል አይደለምና። አዋቂውም ፊቱን፣ እጁንና እግሩን ለጥቂት ጊዜ ፀሐይ ማስነካት ይችላል። ሙሉ ሒጃብ የምትለብስ እህትም የሰው ዓይን በማይደርስበት ግቢዋ ውስጥ ከሴቶችና ከቅርብ ቤተሰቧ ጋር ሆና የፀሐይን ጥቅም ታገኛለች። ለዚህ አደባባይ ወጥቶ መራቆት አያስፈልግም። ከዚህም በላይ ቢቸናና ሞጣ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,400 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ያሉ ደጋ ከተሞች ናቸው። ከፍታ በጨመረ ቁጥር ቆዳን የሚጎዳው ጨረር ይበረታል። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም የፀሐይን ጨረር ካንሰር አምጪ ብሎ የመደበው በ1992 ነው። በተለይ አልቢኒዝም ላለባቸው ወገኖቻችን ረጅም እጅጌና ሰፊ ባርኔጣ መድኃኒታቸው ነው። ልብስ ጌጥ ብቻ ሳይሆን ጋሻም ነው።

የጎጃምን ገላ የሸፈነው ማን ነው?

ውድ አድማጮቻችን! አሁን ወደ ቀዬአችን እንመለስ። በምሥራቅ ጎጃም ከተሞች ሙስሊሙ ከጥንት ጀምሮ የሚታወቀው በሁለት ሥራ ነው፤ በንግድና በሽመና። በ19ኛው ክፍለ ዘመን በባሶ ገበያና በየጁቤ የነበሩት የጎጃም ሙስሊም ነጋዴዎች ዓባይን እየተሻገሩ እስከ እናርያ፣ ወደ ሰሜንም እስከ ጎንደርና ምጽዋ ይዘልቁ ነበር። ከሞጣ ብዙም ሳይርቅ በአፄ ፋሲል ዘመን የተሠራው፣ ዛሬ ሰባራ ድልድይ የሚባለው ድልድይ ጎጃምን ከበጌምድር ያገናኝ ነበር። ድልድይ በሌለበት ግን መንገደኛው ልብሱን አውልቆ ወንዙን መሻገር ግድ የሚሆንበት ጊዜ ነበር።

ለመሆኑ ሙስሊሙ ለምን ሸማኔና ነጋዴ ሆነ? የእጅ ሥራ ስለወደደ ብቻ አይደለም። በሰሜኑ ደጋ አገር ሙስሊም የርስት መሬት እንዳይዝ ተከልክሎ ኖሯል። በ1878 እ.ኤ.አ. ከቦሩ ሜዳ ጉባኤ በኋላ በአፄ ዮሐንስ ዘመን የደረሰው ጫና ደግሞ የባሰ ነበር። እርሻ የተነፈገ ሰው በእጁ ሥራ ማደር ነበረበት። ይህ ሁኔታ በሕግ የተለወጠው የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት መሆኑ በታወጀበት የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም ነው።

እስቲ ነገሩን በዓይነ ሕሊናችሁ ተመልከቱት። ጥጡ ከዓባይ በረሃ ከቆላው ይመጣል። የገበሬው ሚስት፣ ክርስቲያን ትሁን ሙስሊም፣ ታዳምጠዋለች፣ ታነድፈዋለች፣ በእንዝርት ትፈትለዋለች። ድውሩን ይዛ ወደ ሸማኔው ትሄዳለች። ሸማኔው ከጉድጓዱ ገብቶ ድሩን ወጥሮ ማጉን ይወረውራል። በመጨረሻ ጋቢው፣ ኩታው፣ ቡሉኮው ይወጣል። ገበሬው በዓሉን የሚውልበት ነጭ ልብስ፣ ሙሽራው የሚደምቅበት ኩታ፣ ሟች የሚጠቀለልበት ጨርቅ በእነዚህ እጆች አልፏል። መሬት የሌለው ሰው ባለመሬቱን አለበሰው። ከዚህም ጋር «ሸማኔ» እየተባለ በንቀት ሲጠራ ኖሯል። የሰውን ገላ የሚሸፍን ሥራ እንዴት ነውር ይሆናል? በእጁ ሥራ የሚበላ ሰው ከሁሉ የተሻለውን ምግብ እንደበላ፣ ነቢዩ ዳውድም (ዐ.ሰ) በእጃቸው ሥራ ይበሉ እንደነበር ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) አስተምረውናል።

ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም፣ በዕለተ ጁሙዓ፣ በሞጣ ከተማ መስጊዶች ተቃጠሉ፤ የሙስሊሞች ሱቆችም ተዘረፉ፣ ነደዱ። ይህን የምናነሣው ቁስል ለመቆስቆስ አይደለም። ለዘመናት ጎረቤቱን ሲያለብስ የኖረ ሕዝብ በአንድ ቀን ገመናው ተገልጦ እንዲታይ መደረጉን ታሪክ እንዳይረሳው ነው። ከዚያ በኋላ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ከየአቅጣጫው ለመልሶ ግንባታው እጁን ዘርግቷል። ያ የተዘረጋ እጅ ገመና የሚከት እጅ ነው። ሁላችንም የምንፈልገው ጉርብትናም ይኸው ነው።

የገላ አደብ

ከታሪኩ ወደ አደቡ እንለፍ። ዑለማዎች ካብራሩት የሚከተሉትን እናስታውስ።

አንደኛ፣ ለብቻ ስለመታጠብ። ሰው በማይታይበት ሥፍራ ራቁትን መታጠብ የተፈቀደ ነው። ቡኻሪ እንደዘገቡት ነቢዩ ሙሳና ነቢዩ አዩብ (ዐ.ሰ) ለብቻቸው ሆነው እንዲህ ታጥበዋል። ቢሆንም ግን መሸፈን የተሻለ ነው። አንድ ሶሓባ ሰው ለብቻው ሲሆንስ ብለው በጠየቁ ጊዜ፣ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ሊታፈር ከሁሉ በላይ የሚገባው አላህ መሆኑን ነግረዋቸዋል።

ሁለተኛ፣ በወንዝና በጋራ መታጠቢያ ስለመታጠብ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) አንድ ሰው ሜዳ ላይ ያለ መሸፈኛ ሲታጠብ አይተው ሚንበር ላይ ወጥተው አላህ ሐያእንና መሸፈንን እንደሚወድ፣ የሚታጠብ ሰውም እንዲሸፈን አስተማሩ። በመሆኑም ወንዝ የሚወርድ ወንድ ከእምብርቱ እስከ ጉልበቱ የሚሸፍን ሽርጥ ወይም ቁምጣ አይለየው። የሴቶች መታጠቢያ ሥፍራ የተለየና የተከለለ ይሁን። ወንዱም ወደዚያ አቅጣጫ መንገዱን አያድርግ።

ሦስተኛ፣ በቤት ውስጥ። በሱረቱ ኑር 58ኛው አንቀጽ ልጆች በሦስት ወቅቶች፣ ከፈጅር ሰላት በፊት፣ በቀትር ዕረፍትና ከዒሻ በኋላ፣ ሳያስፈቅዱ ወደ ወላጆቻቸው ክፍል እንዳይገቡ ታዟል። ቤታችን አንድ ክፍል ከሆነ መጋረጃ እንስቀል። ልጆቻችንን በር ማንኳኳት እናስተምር። ገላቸው የራሳቸው ክብር እንደሆነ፣ ማንም ሊነካው እንደማይገባ፣ የነካቸው ካለም ሳይፈሩ ለእናትና ለአባት እንዲናገሩ ከልጅነታቸው እንንገራቸው።

አራተኛ፣ በእጅ ስልክ። ዛሬ ወንዝ ዳር ሆኖ የሚታጠበውን ሰው ሰርቆ ቀርጾ የሚያሰራጭ ወጣት አለ። ይህ ቀልድ አይደለም። የወንድሙን ገመና የሸፈነ ሰው አላህ በዱንያም በአኼራም ገመናውን እንደሚሸፍንለት በሰሒሕ ሙስሊም ተዘግቧል። ገመና የገለጠስ ምን ይጠብቀዋል? የደረሰህን ምስል ወደ ሌላ አታስተላልፍ፤ ደምስሰው።

አምስተኛ፣ ልማዳቸው ከእኛ ስለሚለይ ወገኖች። በደቡብ ኦሞ ያሉ አንዳንድ ወገኖቻችን ገላቸውን የሚሸፍኑበት መንገድ ከደጋው ሰው ይለያል። ለኑሯቸውና ለአየሩ የተስማማ ልማድ ነው እንጂ የአውሮፓው ዓይነት ማኅበር አይደለም። እኛ የራሳችንን አደብ እንጠብቅ፤ እነሱን ግን እንደ ትርኢት አንመልከት፣ አንሳቅባቸው። የሚያዩትን ዓይን መስበር በሱረቱ ኑር የመጣ ትእዛዝ ነው። ትእዛዙም አስቀድሞ የተነገረው ለሚመለከተው ሰው ነው።

ስድስተኛ፣ ስለ ሟች። ጀናዛ የሚያጥብ ሰው የሟቹን ዐውራ በጨርቅ ሸፍኖ ያጥባል፤ ያየውንም ጉድለት ለማንም አይናገርም። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) በሦስት ነጫጭ የጥጥ ጨርቆች ተከፍነዋል። ሰው ራቁቱን ይወለዳል፤ ወዲያው በጨርቅ ይጠቀለላል። ሲሞትም ተሸፍኖ ይቀበራል። በሁለቱ መካከል ያለው ዕድሜም በዚሁ አደብ ሊያልፍ ይገባል።

የተከበራችሁ አድማጮቻችን! እርቃን ሦስት ዓይነት ነው። አንዱ የአስተሳሰብ ነው፤ በትምህርትና በማስረጃ እንመልሰዋለን። አንዱ የልማድ ነው፤ በትዕግሥትና በአክብሮት እናየዋለን። ሦስተኛው የድህነት ነው፤ ይህኛው ግን በዕለተ ቂያማ እኛን የሚያስጠይቀን ነው። ልብስ አጥቶ ከጁሙዓ የሚቀር ጎረቤት፣ ለመቀየሪያ ያህል እንኳ ጨርቅ የሌላት እህት፣ በብርድ የሚንቀጠቀጥ የቲም በየሰፈራችን አለ። ስለ አውሮፓ እርቃን ብዙ ተናግረን ደጃችን ላይ የታረዘውን ካለፍነው፣ ከሑምሶች በምን ተለየን? እነሱም ልብስ እያላቸው ነበር እንግዳውን ያራቆቱት። ዒድ ከመድረሱ በፊት ሳጥናችንን እንክፈት። ከሁለት ጋቢ አንዱን እናውጣ። ስንሰጥም በአደባባይ ሳይሆን በምሽት፣ ስሙን ሳንጠራ፣ ፎቶ ሳናነሣ እንስጥ። አልብሶ ገመናን መግለጥ ማልበስ አይባልምና።

አላህ (ሱ.ወ) ገመናችንን ይክተትልን፤ የተቅዋን ልብስ ያልብሰን፤ የታረዙትን የምናለብስ ያድርገን። አሚን።

ወላሁ አዕለም። ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።